ስሌቱን ለእኛ ተዉት፣ ንጽጽሩን ግን አብረን እንጠብቅ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን በመድኃኒት ልማት ሥራ ውስጥ ያሉ፣ ነገር ግን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎችን ስለ ማስተማር ነው። ከእነዚህ መካከል ሐኪሞች አሉ፤ የሙከራ ጣቢያዎችን እየዞሩ የሚከታተሉ ሞኒተሮች አሉ፤ መረጃ የሚያስተዳድሩ፣ የጥናት ሪፖርት የሚጽፉ፣ ሰነድ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡ፣ መድኃኒቱ ከተፈቀደ በኋላ የሚያስተዋውቁም አሉ። ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ምንም እንደማያውቁ አድርገን እናስተምራቸዋለን፤ ወይም ደግሞ እንደ እኛ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ልናደርጋቸው እንሞክራለን።

የተለመደው ሥልጠና የሚጀምረው ከአማካይ፣ ከሚዲያንና ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ቀጥሎ ደወል የሚመስለው ከርቭ ይመጣል፤ ከዚያ ቲ ቴስት፣ ካይ ስኩዌር፣ ሪግሬሽን። ሠልጣኙ በትህትና ያዳምጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ በሳምንቱ አንዱም አብሮት የለም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እነዚህን ስሌቶች በሥራው ላይ አንድም ቀን አይሠራቸውም፤ የምንሠራቸው እኛ ነን።

እሱ የሚሠራው ሌላ ነው። ሞኒተሯ አንድ ታካሚ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ክትትሉም አብሮ መቋረጡን ታያለች፣ ነገሩ የተለመደ ስለሚመስላት ታልፈዋለች። ሐኪሙ ውጤቱን ካየ በኋላ «ይሄ ታካሚ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም» ይላል። ሪፖርት ጸሐፊው ፒ ቫልዩ የሚባለው ቁጥር (ትርጉሙ በኋላ ይመጣል) ከተለመደው 0.05 በልጦ 0.08 ስለሆነ «በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት የለም» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም የስታቲስቲክስ ውሳኔዎች ናቸው፤ የወሰኑት ግን እኛ አይደለንም። ከተወሰኑ በኋላ ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይጠግናቸውም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስለዚህ ከሥልጠናው በኋላ ሰዎቹ ይዘውት እንዲሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ክሊኒካዊ ሙከራ ንጽጽር ነው። በዕጣ የተከፈሉ፣ ከሚሰጣቸው ሕክምና በቀር በምንም ነገር ሆን ተብሎ እንዲለያዩ ያልተደረጉ ቡድኖች ንጽጽር። ስሌቱ ንጽጽሩን ይለካል እንጂ አይፈጥረውም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሥልጠናው ሲወጣ «በእኔ እጅ ንጽጽሩ የሚበላሸው የት ላይ ነው?» ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል። ፎርሙላውን ለእኛ ይተውልን።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለአንድ እውነተኛ ሙከራ ስጡ። እኔ የምመርጠው ካስት ተብሎ የሚታወቀውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሃርት አታክ ካጋጠማቸው ሰዎች መካከል የተዛባ ተጨማሪ የልብ ምት ያለባቸው በድንገት የመሞት አደጋቸው ከፍ እንደሚል ይታወቅ ነበር። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች ይህንን የተዛባ ምት በደንብ ያጠፋሉ። እንግዲህ ምቱን ካጠፋን ሞትን እንቀንሳለን የሚለው አስተሳሰብ ማንንም ያሳምናል፤ መድኃኒቶቹም በሰፊው ይታዘዙ ነበር። እዚህ ላይ ቁሙና ሠልጣኞቹ በወረቀት እንዲገምቱ አድርጉ፦ በፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን) ቡድን ካሉት 743 ሰዎች 26ቱ ሞቱ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች ስንቱ የሞቱ ይመስላችኋል? ግምቱ በወረቀት መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ በቃል ከሆነ የመጀመሪያው ተናጋሪ የቀሩትን ይጎትታቸዋል፣ ኋላም ማንም የራሱን ግምት አያስታውሰውም።

መልሱ 63 ነው። ቁጥሩን እነሱ ራሳቸው በስልካቸው ያካፍሉት፤ 8.3 ከመቶ በአንድ ወገን፣ 3.5 ከመቶ በሌላው። ክትትሉ በአማካይ 10 ወር ብቻ ነበር። ልዩነቱ 4.8 ከመቶ ነው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱ 21 ሰዎች ገደማ አንድ ተጨማሪ ሞት ማለት ነው። ወደ ዕጣው የገቡት ደግሞ መድኃኒቱ የልብ ምታቸውን እንደሚያስተካክል አስቀድሞ የታየላቸው ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ እንዲያደርግ የተጠበቀውን አድርጓል፤ ሰዎቹ ግን ሞተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከቁጥሩ ይበልጣል። ይህን መድኃኒት ለ20 ታካሚዎች ያዘዘ አንድ ጎበዝ ሐኪም ጉዳቱን በራሱ ልምድ ሊያየው ይችል ነበር? ከ20ዎቹ አንድ ወይም ሁለት ይሞቱበታል፤ ባያዝላቸውም አንድ ሊሞትበት ይችል ነበር። ታካሚዎቹ ቀድሞውንም ለሞት የተጋለጡ ስለሆኑ የሞተውን በሕመሙ ያመካኛል፣ የዳነውን በመድኃኒቱ ያመሰግናል። የጎደለው ብልሃት ወይም ትጋት አይደለም፤ ፕላሴቦ የወሰዱት 743 ሰዎች ናቸው። ይህን ጥያቄ ከሐኪሞች ጋር ሳትቸኩሉ ተወያዩበት። «የማነጻጸሪያ ቡድን ለምን አስፈለገ» ብሎ በስላይድ ከመዘርዘር ይልቅ ይህ ውስጣቸው ይቀራል።

ሁለተኛው ሰዓት የሳንቲም ነው። ለሁሉም አንድ አንድ ሳንቲም አድሉ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ መድኃኒት ይዟል፣ 20 ታካሚዎችም አሉት እንበል፤ ዘውድ ከወጣ ታካሚው ተሻለው፣ ጎፈር ከወጣ አልተሻለውም። ሳይታከሙም ግማሾቹ ይሻላቸዋል ብለን እናስብ። መድኃኒቶቹ ሁሉ የማይሠሩ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ሳንቲም ናቸውና። ከመወርወሩ በፊት ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦ ከ20 ውርወራ ዘውዱ 15 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ውጤቱን «ጉልህ» እንለዋለን። በትክክለኛ ሳንቲም ይህ የሚሆንበት ዕድል 4 ከመቶ ገደማ ነው።

ሠልጣኞቹ 30 ከሆኑ በአማካይ ከአንድ ሰው በላይ «ጉልህ» ውጤት ያገኛል፤ ቢያንስ አንድ ሰው የማግኘቱ ዕድል 72 ከመቶ ነው። ካልተገኘ ዙሩን ድገሙት። ያገኘውን ሰው አስነሡና ክፍሉን ጠይቁ፦ ይህንን ብቻ በመጽሔት ብናወጣና የቀሩትን 29 መሳቢያ ውስጥ ብንቆልፋቸው አንባቢ ምን ያስባል? ያልታተሙ ጥናቶች ለምን እንደሚያሳስቱ ከዚህ በኋላ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ 14 እና ከዚያ በላይ ዘውድ ያገኙትን ሁሉ እንደገና 20 ጊዜ አስወርውሯቸው። አብዛኞቹ ወደ 10 ይመለሳሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ማለትም በአነስተኛው ሙከራ፣ ጎልቶ የታየ መድኃኒት በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በትልቁ ሙከራ፣ ለምን እንደሚቀንስ ያዩታል፤ የመረጥነው ዕድል ያገዘውን ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ተከታተሉ። 14 ላይ የቆመ ሰው «አንድ ልጨምር» ማለቱ አይቀርም። አትከልክሉት፤ ክፍሉ እንዲሰማ አድርጉና ወደ ትምህርት ቀይሩት። በ5 ከመቶ መስፈርት የማይሠራ መድኃኒት ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይ በስህተት «ጉልህ» የመሆን ዕድሉ 5 ከመቶ ነው። በየመሐሉ አምስት ጊዜ እያየን፣ በተገኘበት እናቁም ብንል ግን ወደ 14 ከመቶ ይወጣል፤ አሥር ጊዜ ከሆነ 19 ከመቶ ይደርሳል። የመሐል ግምገማ ክልክል አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንደሚታይና በየጊዜው መስፈርቱ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ግን አስቀድሞ በፕሮቶኮሉ (በጥናቱ የዕቅድ ሰነድ) መጻፍ አለበት። ዳይሬክተር «እስካሁን ያለውን ቀስ ብለህ ብታሳየኝስ?» ሲል እምቢ የሚባለው ለዚህ ነው።

ፒ ቫልዩን የማስተምረው ከሳንቲሙ ቀጥሎ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ትርጉሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመታየት ዕድሉ። ሰዎች የሚሰሙት ግን «መድኃኒቱ የማይሠራ የመሆኑ ዕድል» ብለው ነው። ልዩነቱን በቃላት ብትነግሯቸው ይስማማሉ፣ ወዲያው ይረሱታል። በቁጥር አሳዩአቸው። 100 ዕጩ መድኃኒቶች አሉን፤ የሚሠሩት 10 ብቻ ናቸው። ሙከራዎቹ የሚሠራን መድኃኒት የመያዝ አቅማቸው 80 ከመቶ ነው፤ ከሚሠሩት 8ቱን ይይዛሉ። ከማይሠሩት 90 ውስጥ ደግሞ 5 ከመቶው፣ አራት ወይም አምስቱ ማለት ነው፣ በአጋጣሚ «ጉልህ» ይሆናሉ። እንግዲህ ካሸነፉት 12 ወይም 13 መድኃኒቶች ከሢሶ በላይ የሚሆኑት የማይሠሩ ናቸው፤ ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ሆኖም እንኳ። ይህን ሠንጠረዥ ሠልጣኞቹ በእጃቸው ይሙሉት። 10 የሚለውን ወደ 50 ቀይረው ሲሞሉት ምን እንደሚሆንም ይዩ፤ ያን ጊዜ የቀደመ ማስረጃ ዋጋ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

የተሳታፊ ብዛት ስሌትን አታስተምሩ፤ ውይይቱን አስተምሩ። ሁለት ቁጥሮች በቂ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ነው እንበል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ሰዎቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን) 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ መስፈርቱ በሁለት ወገን 5 ከመቶ፣ ፓወሩ (ልዩነቱን የመያዝ አቅሙ) 90 ከመቶ። የ5 ሚሊሜትር ልዩነት ለመያዝ በእያንዳንዱ ቡድን 85 ሰው ገደማ ያስፈልጋል። የ2.5 ሚሊሜትር ልዩነት ከሆነ 337 ገደማ። ልዩነቱ በግማሽ ሲቀንስ ሰዉ አራት እጥፍ ይሆናል። በበጀት ስብሰባ ላይ «ልዩነቱን ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ እየተደራደሩ ያሉት በታካሚው ላይ የሚታይ ለውጥ ምን ያህል መሆን አለበት በሚለው ላይ እንደሆነ ይወቁ፤ በጀቱ የፈቀደውን ያህል ሰው ካስቀመጡ በኋላ ልዩነቱን ወደ ኋላ ማስላት ጥያቄውን ገልብጦ መመለስ ነው። 15 ከመቶ ያቋርጣል ብለን 85ን ወደ 100 ብናሳድገው ቁጥሩን ይሞላል፤ ያቋረጡት ከቀሩት የተለዩ ሰዎች በመሆናቸው የሚመጣውን መዛባት ግን አይነካውም።

ይህ ወደ ዋናው ነገር ያመጣናል፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። የኮሮናሪ ድራግ ፕሮጀክት የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ትንታኔ ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ያስተምራል። ክሎፊብሬት የተባለው የደም ስብ መቀነሻ መድኃኒት ከተመደበላቸው ታካሚዎች መካከል ከታዘዘላቸው መድኃኒት 80 ከመቶውንና ከዚያ በላይ የወሰዱት በአምስት ዓመት ውስጥ የሞት መጠናቸው 15.0 ከመቶ ነበር፤ ከዚያ በታች የወሰዱት 24.6 ከመቶ። ይህን ብቻ አሳዩና «መድኃኒቱ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ አዎ ይላሉ፤ ማለትም አለባቸው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነውና። ቀጥላችሁ የፕላሴቦውን ቡድን አሳዩ፦ በደንብ የወሰዱት 15.1 ከመቶ፣ ያልወሰዱት 28 ከመቶ ገደማ።

ፕላሴቦው ውስጥ ምንም የለም። ልዩነቱ የመጣው መድኃኒትን በትክክል የሚወስድ ሰው በብዙ ነገር ከማይወስደው ሰው ስለሚለይ ነው። ሁለቱ ቡድኖች እንደ ተመደቡት ሳይነኩ ሲነጻጸሩ 20.0 እና 20.9 ከመቶ ነበር፤ ብዙም ልዩነት የለውም። ዕጣው እኩል ያደረጋቸው የተመደቡትን ሁሉ ነው፤ «በደንብ የወሰዱትን ብቻ» ብለን ስንመርጥ ዕጣውን ቀደን እንጥለዋለን። ኢንቴንሽን ቱ ትሪት (ሁሉንም እንደ ተመደቡበት ቡድን መተንተን) የሚባለው ስም የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ወዲያው ወደ ሞኒተሩ ሥራ አውርዱት። መድኃኒት ማቆምና ከጥናቱ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቅጹ ላይ ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ሊኖሩ ይገባል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ጣቢያው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሞላል፣ መድኃኒቱን በጎንዮሽ ጉዳት ያቆመው ታካሚም በዚያው ይጠፋል። የስምምነት ቅጹም «መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም ስለ ጤንነትዎ እንጠይቅዎታለን» የሚል ሐሳብ ይኑረው። ሞኒተሯ ወደ ጣቢያው ስትሄድ የምትጠይቀው ጥያቄ «ስንት ሰው አቋረጠ?» ሳይሆን «መድኃኒቱን ካቆሙት ውስጥ አሁንም የምትከታተሉት ስንቱን ነው?» ይሁን።

ኤስቲማንድ (ሙከራው በትክክል የትኛውን ልዩነት እንደሚለካ መግለጫ) የሚለው ቃል ሰዎችን ያስፈራል፤ አይሲኤች ኢ9 የተባለው የእ.ኤ.አ. 1998 ዓለም አቀፍ የክሊኒካዊ ሙከራ ስታቲስቲክስ መመሪያ በ2019 ማሟያ ከተጨመረለት ወዲህ ግን በየስብሰባው ይነሣል። የኤስቲማንድን አምስት ክፍሎች አታስሸምድዱ። የሕመም ማስታገሻ ሙከራ ስጧቸውና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሕመሙ ስላልቻለው ሌላ ማስታገሻ የወሰደ ታካሚ የመጨረሻ ቀን ሕመሙ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ምን ብለን እንመዝግበው? አንዱ «ያው የተለካው ይመዝገብ» ይላል፤ ሌላው «መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። የትኛውን ጥያቄ እንደምንመልስ መወሰን የሐኪሙም የሰነድ አቅራቢውም ሥራ ነው፤ ጊዜውም ፕሮቶኮሉ ሲጻፍ እንጂ መረጃው ከተዘጋ በኋላ አይደለም።

በንዑስ ቡድኖች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አይሲስ 2 ሥራውን ይሠራላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ይህ ሙከራ 17,187 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሃርት አታክ እንደተጠረጠረ አስፕሪን የተሰጣቸው በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ችግር የመሞት መጠናቸው 9.4 ከመቶ፣ ያልተሰጣቸው 11.8 ከመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ የንዑስ ቡድን ትንታኔን አደጋ ለማሳየት ሆን ብለው ታካሚዎቹን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው። ኮከባቸው ገውዝ ወይም ሚዛን በሆነው ላይ አስፕሪኑ ጥቂት የሚጎዳ መስሎ ታየ፤ በቀሩት ላይ በግልጽ ጠቀመ። በኮከብ የማናምነውን ያህል፣ በዕድሜ ወይም በክብደት ከፋፍለን ያገኘነውን ግን እናምናለን። የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ክፍፍል አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ወይ፣ ስንት ክፍፍልስ ታየ የሚለው ነው። የማይሠራ ነገር 20 ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ቢፈተን ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» የመሆን ዕድሉ 64 ከመቶ ነው።

ለጸሐፊዎችና ለማስታወቂያ ሰዎች የተለየ ክፍለ ጊዜ ስጡ፤ የእነሱ መሣሪያ ቃል ነውና። ልዩነቱ በመድኃኒቱ ወገን 3 ነጥብ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ2 ነጥብ ጉዳት እስከ 8 ነጥብ ጥቅም ከሆነ «ልዩነት የለም» አይባልም፤ ከውጤቱ ጋር የሚስማማው ከጥቂት ጉዳት እስከ ትልቅ ጥቅም ይደርሳል፣ ሙከራው አልለየውም። «አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከ2 ከመቶ ወደ 1 ከመቶ መሆኑን አብሮ ካልነገረ አይለፍ፤ በ100 ሰው አንድ ማለት ነው። «በመድኃኒቱ ቡድን ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ጉልህ ለውጥ ታየ፣ በፕላሴቦው ግን አልታየም» የሚለው አጻጻፍም ንጽጽር ይምሰል እንጂ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቡድን ከራሱ ጋር እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር አላነጻጸረም። «በ300 ሰዎች ላይ ይህ የጎንዮሽ ጉዳት አንድም ጊዜ አልታየም» ከተባለ ደግሞ 3ን ለ300 አካፍሉ፤ ትክክለኛው መጠን እስከ 1 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህች ቀላል ደንብ፣ 3 ሲካፈል ለተሳታፊው ብዛት፣ ለደኅንነት ክትትል ሠራተኞች ከምንሰጣቸው ሁሉ የምትጠቅም ናት።

አደረጃጀቱን በተመለከተ፣ አንድ ሙሉ ቀን ከመውሰድ ሁለት ግማሽ ቀኖች ይሻላሉ፤ በመሐሉ አንድ ሳምንት ይኑር። ሳንቲሙና ካስት በመጀመሪያው፣ ክሎፊብሬትና ቃላቱ በሁለተኛው። ሙያዎቹን ቀላቅሉ፤ ሐኪሙ ሞኒተሯ ምን እንደምታይ ሲሰማ፣ ጸሐፊው የጠፋው መረጃ ከየት እንደጠፋ ሲያይ ነገሩ ይያያዛል። «ለዚህ የትኛው ቴስት ነው የሚያስፈልገው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ «ምን ከምን ጋር ነው የምታነጻጽሩት?» ይሁን። ፈተናው ደግሞ በዚያው ቀን አይሁን፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ የጥናት ማጠቃለያ ላኩላቸው። ውስጡ ስድስት ጥፋት ደብቁ፦ ከዕጣ በኋላ የተወገዱ 12 ታካሚዎች፣ በርዕሱ ብቅ ያለ ያልታቀደ ንዑስ ቡድን፣ ከራሱ መነሻ ጋር ብቻ የተነጻጸረ ቡድን፣ መነሻው ያልተጠቀሰ «50 ከመቶ ቅናሽ»፣ በየቡድኑ 40 ሰው ይዞ «ደኅንነቱ ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ፕሮቶኮሉ ውስጥ የሌለ የመሐል ግምገማ። ለእያንዳንዱ የሚጠበቅባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥፋቱ ንጽጽሩን እንዴት እንዳበላሸውና ማን፣ በየትኛው ቀን ሊያስቀረው ይችል እንደነበር። መልሶቹን ስታርሙ የጥፋቱን ስም ያልጻፈ ነገር ግን ቀኑንና ሰውየውን በትክክል ያገኘ ሠልጣኝ ሙሉ ነጥቡን ይውሰድ።